ክቡ ውስጥ ማን ይግባ?

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን እንቅልፍ ለመንሳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። «ሐሙስ አጭር ፕሬዘንቴሽን ታቀርባለህ» ብሎ መሄድ ነው። ክፋቱ ያለው አጭር መባሉ ላይ ነው። ረጅም ቢባል ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ይገላገላል። አጭር ሲባል ግን መምረጥ ሊኖርበት ነው፤ መምረጥ ደግሞ በሥራ መዘርዝሩ ላይ የለም።

ስለዚህ የለመደውን ያደርጋል። የአምናውን ፋይል ይከፍትና «2016» የሚለውን «2017» ያደርገዋል። ሎጎውን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ለርዕሱ ቀለም ሲመርጥ ይመሻል። ሐሙስ ሲደርስ ሠላሳ ምናምን ስላይድ ይዞ ይቆማል፤ ለተሰብሳቢው ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳው ላይ የበራውን ከላይ እስከ ታች ያነበንባል። ተሰብሳቢው ፊደል የቆጠረ ሰው ነውና ከአቅራቢው ቀድሞ አንብቦ ጨርሷል። ግን ይሉኝታ አለ። ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ አልፎ አልፎም ራሱን እየነቀነቀ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚወቀሰው ፓወርፖይንት ነው። ምስኪን ፓወርፖይንት! ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ፎርቶውት በምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር አወጡት። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ተፍቲ ፓወርፖይንት ሐሳብን ነጥብ በነጥብ እየቆራረጠ ያደቅቃል ብሎ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈበት። እኔ ግን ለጋስኪንስና ለኦስቲን አዝንላቸዋለሁ። ሰዎቹ የሠሩት የማሳያ መሣሪያ ነው፤ ምን እንደምናሳይ ቀድመን አስበን እንመጣለን ብለው ገመቱ። የት ያውቁናል!

የሐሳብ ካርታ፣ በየስልጠናው ስሙ ማይንድ ማፕ፣ የመጣው ይህችን ቀድሞ ማሰብ የምትባል ነገር ሊያስለምደን ነው። ብዙዎቻችን የተዋወቅነው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በየሰው ፊት አንድ የታሸገ ውሃና ሁለት ከረሜላ፣ የሆቴሉ ስም ያለበት እስክሪብቶ። አሰልጣኙ ፍሊፕ ቻርቱን ይገልጥና በማርከር መሃሉ ላይ ክብ ይሠራል። «ሁላችሁም ወረቀታችሁ ላይ ክብ አድርጉ!» እናደርጋለን። ዲግሪ የጫንን፣ ልጅ የዳርን፣ ጡረታ የተቃረብን ሰዎች አንገታችንን ደፍተን ክብ እንሠራለን። እስከዚህ ድረስ የሚቸገር የለም። ጭንቁ የሚጀምረው አሰልጣኙ «አሁን ውስጡ ጻፉበት» ሲል ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ድንገት ውሃ ይጠማዋል።

ዘዴውን በዚህ ስምና በዚህ መልክ ለዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ስለ አእምሮ አጠቃቀም ተከታታይ ዝግጅት አቀረበ፤ በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያርፍ ስሙና ካርታው ተለያይተው አያውቁም ነበር። ሕግም አውጥቶለታል። ወረቀቱ በቁመት ሳይሆን በአግድም ይቀመጥ። መሃል ላይ ሥዕል ይሁን። ቀለሙ ከሦስት አይነስ። ቅርንጫፎቹ ጠምዘዝ ያሉ፣ ከመሃሉ ወፍረው ተነሥተው እየራቁ የሚቀጥኑ ይሁኑ። በአንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ።

የመጨረሻዋን ሕግ ሳነብ ለመሥሪያ ቤቶቻችን አዘንኩ። እኛ እኮ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብለን ደብዳቤ የምንጀምር ሰዎች ነን። ርዕሱ ያለው አንድ መስመር ከፍ ብሎ ነው፤ አንባቢው ገና አሁን አይቶታል፤ የተገለጸውም በሙከራ ሳይሆን በትክክል ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው «አንድ ቃል ብቻ» ሲባል ቃሉን ከየት ያመጣል?

የቀለሙም ነገር ቀላል አይደለም። ቢሮ ያለው ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ቀይ ይዞ የሚታይ ሰው ወይ አስተማሪ ነው ወይ ኦዲተር፤ በሁለቱም በኩል አይወደድም። እናም ካርታው ቤት ይሠራል፣ በልጅ ከለር። ልጅ ደግሞ ከለሯን በነፃ አታበድርም። መጥታ ክርኔ ሥር ትቆማለች።

«አባዬ፣ ሸረሪት ነው የሳልከው?»

«የበጀት ጥያቄ ነው የኔ እናት።»

«እግሯ ግን በዛ።»

ይህን አስተያየት በገንዘብ የሚሸጡ አማካሪዎች አሉ። ሸረሪት ስምንት እግር ይበቃታል። የዐሥራ አምስት ደቂቃ ንግግር ግን ስምንት እግር ካበቀለ መራመድ ያቅተዋል፤ ሦስት ወይም አራት ከበቂ በላይ ነው።

እግር ማብዛት ካስፈለገ አሁን ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይቻላል። ኤክስማይንድ አለ፣ በነፃ የሚገኘው ፍሪማይንድም አለ። ቅርንጫፉን ትነካዋለህ ይዘረጋል፣ ትነካዋለህ ይታጠፋል። ስትዘረጋና ስታጥፍ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ሰሞኑን ደግሞ ርዕሱን ብቻ ብትሰጠው ካርታውን ራሱ የሚስልልህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ሞክሬዋለሁ። ስለ ንብ ማነብም ጠይቀው፣ ስለ ትራፊክ መጨናነቅ፣ «ተግዳሮቶች» እና «መልካም አጋጣሚዎች» የሚሉ ቅርንጫፎች አይቀሩበትም። ከአምናው ፋይል በምን ይሻላል ቢሉኝ፣ ዓመተ ምሕረቱን ማረም አያስፈልግም።

ቡዛን ስምና ሕግ አወጣ እንጂ ሐሳብን በቅርንጫፍ ማስቀመጥ የቆየ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው የጢሮሱ ጶርፊርዮስ የአርስጣጣሊስን ሎጂክ ሲያስረዳ ነገሩን ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ እየከፈለ ወረደ፤ ከእሱ በኋላ የተነሡ መምህራን ያንኑ በዛፍ ሥለው በስሙ ጠሩት። የማዮርካው ራሞን ሉል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1290ዎቹ ዕውቀትን ሁሉ በዛፎች ከፋፍሎ ግዙፍ መጽሐፍ ጽፏል።

እኛ ጋ ደግሞ ወረቀት ሳይነካ የሚሠራ አለ፤ ሰባት ቤት መቆጠር። ልጅ ለልጅ ሲታሰብ የሁለቱን ወገን ትውልድ የሚያውቁ ሽማግሌ ይፈለጋሉ። እሳቸው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንጅላት ይወጣሉ፤ በየደረሱበትም ወደ ጎን ወደ እኅትና ወንድም ይዘልቃሉ። የማይጨው ዓመት የሞተውን፣ ወደ ወለጋ ሄዶ የቀረውን፣ ሁለት ጊዜ ያገባችውን ሁሉ በጣት መገጣጠሚያ ይቆጥራሉ። ቀለም የለም፤ ሥዕል የለም። እኔን የሚገርመኝ ማስታወሳቸው ብቻ አይደለም፤ መተዋቸው ነው። ልጅ ሳይተካ ያለፈውን ስሙን ጠርተው «እሱስ ዘር የለውም» ብለው ያልፉታል፤ ምንም ያህል ጀግና ቢሆን፣ ምንም ያህል ወሬ ቢኖረው። ምክንያቱም መሃሉ ላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ። ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱ ወገኖች ከተገናኙ ቆጠራው እዚያው ያበቃል፤ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ለማሟላት ብለው አይደክሙም።

ሳይንሱስ ምን ይላል ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የለንደን የሕክምና ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በማይንድ ማፕ፣ ግማሾቹ ራሳቸው በለመዱት መንገድ አጠኑት። ከሳምንት በኋላ ባለካርታዎቹ የተሻለ አስታወሱ። ነገር ግን በዘዴው ለመሥራት የነበራቸው ተነሣሽነት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሕክምና ተማሪዎች መሆናቸው ደግ ነው፤ የሚያሽር ነገር እንደሚመር ቀድመው ያውቃሉ።

ወደ ክቡ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ያለው ምድር ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃም አብሮ ይገባል። ከታችኛው መደርደሪያ ያሉት ፋይሎች ያብጣሉ፣ ከዚያ ይሻግታሉ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ከሰኔ ጀምሮ በቦቲ ጫማ ነው ሥራ የሚገቡት። አንዲት ወጣት ባልደረባችን ይህንኑ ጉዳይ ለማኔጅመንት በዐሥራ አምስት ደቂቃ እንድታቀርብ ታዘዘችና ወረቀቷን አጋድማ፣ ክቧን ሠርታ፣ እኔ ጠረጴዛ ጋ መጣች። ክቡ ውስጥ «የመዝገብ ቤት አገልግሎት አሰጣጥ ማሻሻያ ጥናት» ይላል። ቅርንጫፎቹ መግቢያ፣ ዓላማ፣ አስፈላጊነት፣ ወሰን፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች፣ ቀጣይ አቅጣጫ። በሦስት ቀለም፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብለው። ያጋጠሙ ችግሮች ከሚለው ሥር «የተሽከርካሪ እጥረት» ተጽፏል።

«መዝገብ ቤቱ መኪና ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«አይ፣ ካልተጻፈ ያልተሟላ ይመስላል ብዬ ነው» አለች። እውነቷን ነው። የተሽከርካሪ እጥረት የሌለበት ሪፖርት እኔም አይቼ አላውቅም።

«ሰዎቹ ሰምተውሽ ሲወጡ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?»

«እንዲያውቁት።»

«ምኑን?»

«ውሃ እንደሚገባ።»

«ያውቃሉ እኮ። አምና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ወርደው አይተዋል።»

ትንሽ አሰበችና ክቡ ውስጥ ያለውን በሙሉ ሰረዘችው። በምትኩ «ፋይሎቹ ከሰኔ በፊት ሁለተኛ ፎቅ ይውጡ» ብላ ጻፈች። ቡዛን ቢያይ ቅር ይለው ነበር፤ ሥዕልም አይደለም፣ አንድ ቃልም አይደለም። ይለው! ርዕስ በክብ ቢታጠርም ርዕስ ነው። ርዕስ ሲቀመጥበት ቅርንጫፍ ሁሉ ይመቸዋል፤ የተሽከርካሪ እጥረትም መጥቶ ይንጠለጠልበታል። አሁን ግን መግቢያው ምን ሊያስገባ ነው? ወሰኑስ ከማን ጋር ነው የሚዋሰነው? አንድ በአንድ ረገፉ። በቦታቸው ውሃው፣ ክፍሉ፣ ወጪው፣ ቀኑ የሚሉ አራት ቀሩ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ላስገባ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኖቫክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ልጆች የሳይንስ ትምህርት እንዴት እንደሚገባቸው ከባልደረቦቹ ጋር ሲያጠና፣ የቡዛንን የሚመስል ግን አንድ ነገር የሚጨምር ካርታ አወጣ። በሁለት ሐሳቦች መካከል በተሠመረው መስመር ላይ ግስ ይጻፋል፦ ያመጣል፣ ይከለክላል፣ ያስፈልገዋል። ለእኔ ከቡዛን ይልቅ ኖቫክ ይበልጥብኛል። ባዶ መስመር ምንም አይናገርም፤ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ታይተዋል ከማለት አያልፍም። ግስ ስትጽፍበት ግን ማን ማንን ምን እንዳደረገ መናገር ግድ ይሆናል። በቢሯችን ግሦች ሁሉ «ተደርጓል»፣ «ተሰጥቷል»፣ «እየተሠራ ይገኛል» የሚሉ ናቸውና አድራጊው ማን እንደሆነ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል።

ባልደረባዬን በፋይሎቹና በሁለተኛ ፎቁ ክፍል መካከል ግስ እንድትጽፍ ጠየቅኋት። «አይገቡበትም» ብላ ጻፈች። ለምን? ተይዟል። በምን? በሰባራ ወንበሮችና በአሮጌ ኮምፒውተሮች። ለምን አይወጡም? ይወገዱ ተብሎ የተወሰነው አምና ነው፤ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ስላልተሰበሰበ ቁጭ ብለዋል። ወጪው የሚለውን ቅርንጫፍ ስናየው ደግሞ ለጉልበት ሠራተኛ ከሚከፈል ጥቂት ብር በቀር ምንም የለበትም፤ መደርደሪያው ያው የነበረው ነው። ለካ የበጀት ጥያቄ አይደለም! ሴትየዋ ሚሊዮኖች ልትጠይቅ ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚያስፈልጋት ግን የአንድ ኮሚቴ የአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነው። ክቡ እንደገና ተሰረዘ። «ወንበሮቹ ይወገዱ።»

ቀኑም ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው። ነገሩ ለአዲሱ በጀት ይቆይ ከተባለ በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዝናቡ ደግሞ የበጀት ዓመት እስኪዘጋ አይጠብቅም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ቅደም ተከተል ነው፤ ይህን ደግሞ ካርታው አይሰጥም። ወረቀት ላይ አራቱም ቅርንጫፎች እኩል ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ከአፍ የሚወጡት ግን በሰልፍ ነው። ስለዚህ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ብዙ ሰው ይህችን ትቶ ካርታውን እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይሰቅለዋል፤ ተሰብሳቢው በግራ ጥግ ያለችውን ቀጭን ቅርንጫፍ ለማንበብ አንገቱን ሲያጣምም ተናጋሪው ያወራል። ካርታው የተናጋሪው ነው፤ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ባልደረባዬ ከየት ልጀምር ብላ ተቸገረች፤ እኛ ከአዳም ካልጀመርን ነገሩ የተቆረጠ የሚመስለን ሕዝብ ነን። በመጨረሻ ክፍሉን ከነወንበሮቹ አንድ፣ ውሃውን ሁለት፣ ቀኑን ሦስት፣ ወጪውን አራት አለቻቸው።

ቀኑ ደረሰ። ከእሷ በፊት ተራ የያዘው አቅራቢ ላፕቶፑ ከፕሮጀክተሩ ጋር አልግባባ አለው። ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ «ኖ ሲግናል» ይላል። አራት ሰዎች ዙሪያውን ከበው አንዱ ገመዱን ንቀለው፣ አንዱ አጥፍተህ አብራው፣ አንዱ የራሴን ላፕቶፕ ላምጣ ይላሉ፤ አራተኛው እጁን ኋላው አጣምሮ ይመለከታል። ሲበራ ደግሞ ሰውዬው ሠላሳ ምናምኑን ስላይድ ሊያሟላ ነው። በመጨረሻ ሰብሳቢው «አሳጥርልን» ሲሉት «ይሄን እለፈው፣ ይሄንም እለፈው፣ ይሄ ግልጽ ነው» እያለ በሩጫ ተሻገረው። ግልጽ የሆነው ምን እንደነበር አላየንም።

ከዚያ የእሷ ተራ። «የኔ እህት፣ እንደምታይው ሰዓቱ ሄዷል፤ በአምስት ደቂቃ ጠቅልይልን።» ወረቀቷን አየችና አራተኛውን ሰረዘች፤ ሁለተኛውን አጠፈችው። ቆማ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራን የማኔጅመንት አባላት» ካለች በኋላ በቀጥታ ወደ ወንበሮቹ ገባች። ፋይሎቹ እያበጡ ያሉት ሰባራ ወንበሮች ደረቅ ክፍል ይዘውባቸው ነው፤ ወንበሮቹ ያሉት ኮሚቴው ስላልተሰበሰበ ነው፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይሰበሰብልን። ጨረሰች። አራት ደቂቃም የፈጀች አይመስለኝም። አዳራሹ ዝም አለ፤ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ሁሉም ሳይወድ በግድ ሰምቷታል። ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ የነበረ አንድ ሰው ብቻ «ፕሬዘንቴሽኑ መቼ ነው የሚጀመረው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ።

ሰብሳቢው አመሰገኑ። አቀራረቡ ግልጽና የማያሻማ መሆኑን አወደሱ። ከዚያም አስወጋጅ ኮሚቴው ያልተሰበሰበበትን ምክንያት የሚያጠና አንድ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የኮሚቴው አባላት አዳማ የሰለጠኑ ናቸውና እዚያው ወረቀት አጋድመው ክብ ሠሩ። አሾልኬ አየሁት፤ መሃሉ ላይ «ኮሚቴ» ይላል፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ «አበል»።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ጋሼ ከጥግ እጃቸውን አወጡ።

«ወንበሮቹን እስኪወገዱ ድረስ ዛሬ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ብናወጣቸውስ? ሁለት ጎረምሳ ይበቃኛል።»

«ጥሩ አስተያየት ነው» አሉ ሰብሳቢው፣ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው። «ይያዝልን።»

ያዘችው።